የአምስተኛው ነጥብ ፋኖስ

«ስንት ቀን ይበቃሻል?» አለችኝ ሲስተር ተናኜ፣ ከጠረጴዛዋ ቀና ሳትል።

«የምን ቀን?»

«የዕረፍት ነዋ! ከሦስት ቀን በላይ ከሆነ እኔ አልፈርምም። ዶክተሩ ዘንድ ነው የምትሄጂው፤ እሱ ደግሞ ዛሬ ስብሰባ ገብቷል።»

«ዕረፍት አይደለም ሲስተር። ጤነኛ ናት የሚል ወረቀት እንዲጽፉልኝ ነው።»

ብዕሯን አስቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። በመሥሪያ ቤታችን ክሊኒክ ሰው የሚሰለፈው አሞኛል ለማለት ነበር። በተለይ ሰኞ ጠዋት። እሑድ የጽዳት ዘመቻ ከነበረ ደግሞ ሰልፉ እስከ ደረጃው ይወርዳል።

«ደኅና ነኝ ብሎ የመጣ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም» አለች። «ደኅና ከሆንሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ድምፄ ዝቅተኛ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። የስፖርት ክበባችን በካርታና በኮምፓስ የሚሮጥ ቡድን እንዳለው፣ በሚያዝያ የወዳጅ አገሮች ሠራተኞች ቡልጋሪያ ላይ እንደሚወዳደሩ፣ ከእኛ ሴቶች የምትሄደው አንዲት ብቻ እንደሆነች፣ እሷም በመጪው እሑድ ማጣሪያ እንደምትለይ ነገርኳት። ወደ ማጣሪያው ለመግባት የጤና ወረቀት ያስፈልጋል።

«በካርታ? መንገዱን አታውቁትም እንዴ?»

«እንዳናውቀው ነው የሚፈለገው።»

«ወይ ጉድ!» አለችና ተነሥታ መዳፏን ግንባሬ ላይ አሳረፈች። «ትሞቂያለሽ።»

«በእግሬ ስለመጣሁ ይሆናል።»

የመጣሁት ከላይኛው ፎቅ ነበር።

«ዓይንሽም ልክ አይደለም።»

«ሲስተር፣ እባክዎን።»

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ መሳቢያዋን ስባ ወረቀት አወጣች። «ስሚ፤ ሜዳ ላይ ወድቀሽ ‹ቀድሞም አሞኝ ነበር› ብትይ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሐሰተኛ ማስረጃ ሰጠች ብለው። አራት ልጆች አሉኝ። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

ማኅተሙን ሁለት ጊዜ እፍ ብላ አሳረፈችው።

ሥራዬ ካርታ መሣል ነው። ጂኦግራፊ ተምሬ ስመረቅ ተራራና ወንዝ እየዞርኩ የማይ መስሎኝ ነበር፤ የደረሰኝ መስኮት አጠገብ ያለ ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ነው። ሌሎች ለክተው ያመጡትን በቀጭን ብዕር አጠራለሁ። ካርታዎቻችን ላይ ነጭ ሆነው የሚቀሩ ቦታዎች አሉ። አውሮፕላን ማረፊያው ነጭ ነው። ጦር ሰፈር ያለበት ነጭ ነው። የነዳጅ ማከማቻው ነጭ ነው። ነጩ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በአጠገቡም በአውቶቡስ እናልፋለን። ወረቀት ላይ ግን የለም፤ ለምን እንደሌለም የሚጠይቅ የለም።

አሠልጣኛችን ጋሽ ዓንዶም በወጣትነቱ ቼኮዝሎቫኪያ ሲማር ነው ይህን ሩጫ ለምዶ የመጣው። በየነጥቡ ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ባለ ሦስት ጎን ነጭና ብርቱካንማ ጨርቅ «ፋኖስ» ብሎ የሚጠራውም እዚያ እንደዚያ ይሉት ስለነበር ነው። ከፋኖሱ ሥር በክር የታሰረ ትንሽ መብሻ ይንጠለጠላል፤ እያንዳንዱ መብሻ የተለየ ቅርፅ ይበሳል፤ ሯጩ ካርዱን ይበሳና ወደሚቀጥለው ነጥብ ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነው። የሚያጨበጭብ ሰው የለም፣ የሚያናግርሽ የለም፣ አንቺና ወረቀቱ ብቻ ናችሁ። ሰው ሲበዛ ለሚጨንቀኝ ለእኔ ከዚህ የተሻለ ስፖርት አልነበረም።

አንድ ቀን ጋሽ ዓንዶም የውጪዎቹ ካርታዎች እያንዳንዱን ቋጥኝ፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ እንደሚያሳዩ ሲያወራልን፣ «ነጭ ቦታ የለውም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ነጭማ ሞልቷል» አለኝ። «እዚያ ነጭ ማለት እንደልብሽ የምትሮጪበት ደን ነው።»

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሌላ የተመኘሁት ነገር የለም። ሰው ቡልጋሪያ ሲባል የሚያስበው ስለ ጫማና ስለ ጃኬት ነበር፤ አንዳንዱም ስላለመመለስ። እኔ ግን የምፈልገው አንድ ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ብቻ፣ ምንም ያልተደበቀበት ካርታ ይዤ ነጩ ውስጥ መሮጥ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከጉርድ ሾላ በላይ ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ተለማመድን። ጉልበቴ የእኔ አልመስል አለኝ። ሸለቆውን በግራ መተው ሲገባኝ በቀኝ ትቼ ወደ ኮተቤ አቅጣጫ ወጣሁ። ስመለስ ሁሉም ልብሳቸውን ቀይረው ቆመዋል።

«ምንትዋብ» አለኝ ጋሽ ዓንዶም፣ ካርታውን ከእጄ ተቀብሎ። ካርታዎቹን ማታ ማታ ቆጥሮ ማስረከብ ግዴታው ስለነበር ማንንም በካርታ አያምንም። «የተበላሸው ኮምፓሱ ነው ወይስ አንቺ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንኳን ኮምፓሱ አልሆነ። ኮምፓስ ያለን አምስት ነው።»

ላምበረት እናቴ ቤት ስደርስ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። እናቴ ፊቴን አይታ ፈረደች። «ምች ነው! በልተሽ ፀሐይ ላይ ሮጥሽ፣ አለቀ። የወለድኳት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ምች እንኳ አታውቅም?» ዳማ ከሴ ጨምቃ አፍንጫዬ ሥር ቀባችኝ፤ የቀረውን በቡና አርጋ አጠጣችኝ። ማክሰኞ ጠዋት የተሻለኝ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ኮረብታ የሚያሳዩት መሥመሮች ካርታው ላይ እርስ በርሳቸው ይጠላለፉብኝ ጀመር፤ ቆሜ ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ይመለሳሉ።

ቦታውን የምትፎካከረኝ አፀደ ነበረች። የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ለቀበሌዋም ትሮጥ ነበር። እግሯ መሬት አይነካም፤ ካርታ ግን አይገባትም። ረቡዕ በአውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንመለስ ካርዷን አውጥታ ጀርባው ላይ ከካርታው ያየችውን እየሣለች፣ «በናትሽ፣ ይኼ ሽንኩርት የመሰለው መሥመር ተራራ ነው ጉድጓድ?» አለችኝ።

እጄን ጨብጬ በእስክሪብቶ በጣቶቼ አንጓዎች ዙሪያ ክብ ክብ ሠራሁ። ጣቶቼን ስዘረጋ ክቦቹ ተዘረጉ። «ተራራ ነው። መሥመሮቹ ሲቀራረቡ ዳገቱ ይበረታል።»

«እስቲ ጨብጪ… ዘርጊ… ጨብጪ!» ሳቀች። ከፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ ዞረው አዩን። «አንቺ ጭንቅላት አለሽ፣ እኔ እግር አለኝ። ቢያጋቡን ጥሩ ልጅ ይወጣን ነበር።»

እጄን አልለቀቀችውም። ከዚያ ድምፅዋን ቀነሰች።

«ትኩስ ነሽ እኮ።»

«ምች ነው።»

«ይኸው፣ ብትሞቺም አትናገሪም። እኔ ብሆን እስካሁን የስልክ መሥመሩን ሁሉ አስለቅስ ነበር።» ወደ ውጪ ተመለከተች። «እኔ ከሄድኩ ምን ላምጣልሽ?»

«ካርታ።»

«ሰው ጫማ አምጪልኝ ይላል፣ እሷ ወረቀት!»

ክፋት የለባትም። በዚያ ሳምንት የምጠላት ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ሐሙስ ማታ የማጣሪያው ስብሰባ ተደረገ። የክፍላችን ኃላፊና የሠራተኞች ስፖርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ መኩሪያ ስለ ስፖርትና ስለ አብዮት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው። ማጣሪያው ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ በቦሌ ቡልቡላ የገበሬዎች ማሳ ላይ እንደሚደረግ ሲናገር ግን ነቃሁ።

«ፋኖስ የተባለው ጨርቅ የመንግሥት ንብረት ነው» አለ። «በየማሳው ዳር የቅየሳ ችካል የሚነቅሉ አሉ። ባለፈው ወር ሁለቱ ተይዘው እስካሁን አልተፈቱም። ጨርቃችንን የሚነካ ቢኖር እንደዚያው ነው የሚታየው፤ ያየ ሰው ስም ይዞልኝ ይምጣ።»

ጋሽ ዓንዶም ጉሮሮውን ጠረገ። «በደንቡ» አለ፣ «ሯጭ ትክክለኛ ቦታ ደርሶ ፋኖሱን ካጣ፣ ያ የእሱ ጥፋት አይደለም። ይነግረኛል፤ እኔም ነጥቡን ሰርዤ ሩጫውን አስደግማለሁ።»

«ማን እንደወሰደው ከታወቀ በኋላ» አለ ጓድ መኩሪያ።

ጋሽ ዓንዶም የደንቡን ወረቀት አጠፈ።

ቡልቡላን አውቀው ነበር። ቢሮ የነበረው ካርታ ያረጀ ስለሆነ፣ ክረምቱ እንዳለፈ እኔና ጋሽ ዓንዶም በየእሑዱ እየዞርን አስተካክለነዋል። ቀጫጭን የእግር መንገዶችን፣ የደረቁ ቦዮችን፣ ግራሮችን፣ ቤቶችን ጨመርን። ማጥራቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከሥራ በኋላ፣ ለክበቡ። ቤቶቹ ትንንሽ ጥቁር ካሬዎች ነበሩ። ስለዚህ ለእሑድ ጥቂት ተስፋ ነበረኝ። ነጥቦቹ የት እንደሚሰቀሉ ባላውቅም መሬቱን የሣልኩት በገዛ እጄ ነው።

ዓርብ ጠረጴዛዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ የቀለም ጠብታ የአንድ አውራጃ ወንዝ ላይ ሐይቅ ሠርታለች። ቅዳሜን ተኝቼ ዋልኩ። እናቴ ደጋግማ ብርድ ልብሱን እየገለጠች አየችኝ እንጂ አትሂጂ አላለችም። ወደ ማታ ገደማ ብቻ፣ «እንዲያው ይህን ቡልጋሪያ የሚሉትን ካየሽ በኋላ ያርፍልሻል?» አለችኝ።

«ያርፍልኛል እማዬ።»

«እንግዲያው እሺ።»

እሑድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የጥር መጨረሻ፣ እህሉ ተሰብስቦ ማሳው ሁሉ ገለባ ብቻ። አፀደ ከእኔ በፊት ተነሣች። ተራዬ እስኪደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ፤ ጥርሴን የነከስኩት እንዳይንቀጠቀጥ ነው። ጋሽ ዓንዶም ካርታውን ሲሰጠኝ ጣቴን ነካና ቀና ብሎ አየኝ፤ ግን በእጁ «ሂጂ» የሚል ምልክት ሰጠኝ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ነጥቦች አልሮጥኳቸውም ማለት ይቀላል፤ ተራመድኳቸው። ግን አልተሳሳትኩም። መሬቱ እንደሣልኩት ነበር። ባለ ሁለት ግንድ ግራር፣ የፈረሰ የድንጋይ ካብ፣ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ፣ የጉብታው ጫፍ። በየአንዳንዱ ፋኖሱ ተንጠልጥሎ ይጠብቀኛል። በአራተኛው ላይ ካርዴን ስበሳ፣ እንዲህ ከሄድኩ እኮ ይሆናል አልኩ። አፀደ በእግሯ የምታተርፈውን በመንከራተት ታባክነዋለች።

አምስተኛው ነጥብ ሁለት የደረቁ ቦዮች የሚገናኙበት ነበር። ደረስኩ። ፋኖስ የለም።

ጤነኛ ብሆን ኖሮ እዚያው እቆም ነበር። ቦዮቹ እነዚህ ናቸው፤ ግራሯም እዚያው ናት። ግን ሳምንቱን ሙሉ ስሳሳት ከርሜያለሁ፤ ሸለቆ አዛውሬያለሁ፣ መሥመር ተጠላልፎብኛል። ስለዚህ ያመንኩት ካርታውን፣ የተጠራጠርኩት ራሴን ነው። ሌላ የቦይ መገናኛ ይኖራል ብዬ ወደ ታች ወረድኩ። ተመለስኩ። ወደ ላይ ወጣሁ። ዓይኔ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይዋኛል። ለሦስተኛ ጊዜ እዚያችው ግራር ሥር ስደርስ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ቅርንጫፉ ላይ በቢላዋ የተቆረጠ የክር ጫፍ አየሁ።

ቦታው ይኸው ነበር። ከመጀመሪያው ትክክል ነበርኩ። ይህን ማወቄ ደስ ሊያሰኘኝ ሲገባ እንባዬ መጣ።

ከግራሯ ትንሽ ፈንጠር ብሎ አውድማ አለ፤ የጭድ ክምር፣ ከኋላው አንድ ጎጆ። ከክምሩ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ያዩኛል። ከተቀመጡበት ሥር የብርቱካንማ ጨርቅ ጫፍ ወጥቷል።

ሄድኩና ቆምኩ። «እንዴት አደሩ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንዴት አደርሽ?»

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እናት አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ከብቱ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው። አዝመራውም ደግ ነበር። አባትሽስ?»

«አርፈዋል።»

«ነፍሳቸውን ይማር።» ትንሽ አዘኑልኝ። ሰላምታን ቆርጦ «የተቀመጡበትን ይስጡኝ» ማለት እናቴ ያሳደገችው ሰው የሚችለው ነገር አይደለም። ሰዓቱ እየሄደ ነበር።

«አባባ፣ ያ ጨርቅ የእኛ ነው።»

«የትኛው ጨርቅ?»

«የተቀመጡበት።»

ወደ ታች እንኳ አላዩም። «አንዲት ቀጭን ልጅ እየሮጠች መጣች» አሉ። «ጨርቁ ጋ ቆመች፣ ወረቀት አወጣች፣ ቀጭ አደረገች፣ ሄደች። እኔን ሰላም እንኳ አላለችም። ምን መዘገበች? መሬቴን አይደለም?»

«አይደለም። ጨዋታ ነው። ሩጫ ነው።»

«ከወንዙ ማዶ ያለው ወንድሜም እንዲሁ ብለውት ነበር። መጀመሪያ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ችካል፣ ቀጥሎ ትራክተር። አሁን መንደር ምሥረታ ብለው ቆርቆሮ ሥር ከሰው ጋር ተደራርቦ ይኖራል።» በጭራ ዝንብ አባረሩ። «አንቺንም አውቅሻለሁ። ክረምት እንዳለፈ ከዚያ ከረጅሙ ሰውዬ ጋር ቤት ስትቆጥሩ ነበር።»

ካርታውን ዘርግቼ ፊታቸው ተንበረከክሁ። የተንበረከክሁት መቆም ስላቃተኝ ነበር፤ እሳቸው ግን በሌላ ሳይወስዱት አልቀሩም፣ ፊታቸው ለስለስ አለ። «ይኸው። ይህን የሣልኩት እኔ ነኝ አባባ፤ በእጄ። ይህች ቦዩ ናት፤ ይህች ግራሯ። ይህች ቤትዎ ናት።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «ይቺ ጥቁሯ?»

«አዎ።»

«በሬዎቼስ?»

«በሬ አይሣልም።»

«ታዲያ በሬ የሌለበት ቤት ምን ቤት ነው?» አሉና ሊስቁ ምንም አልቀራቸው። ከዚያ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አንቺ ነሽ የሣልሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለጨዋታ?»

«ለጨዋታ። ሌላ ነገር የለውም።»

ካርታውን መልሰው አዩ። «ኢንተላ» አሉ በኋላ በኦሮምኛ፣ ልጃቸውን እንደሚጠሩ፣ «አሞሻል። ትንቀጠቀጫለሽ።» ከተቀመጡበት ከፍ አሉና ፋኖሱን ስበው አወጡ። ጭዱን በእጃቸው አራገፉለት። «ስሜ ገመዳ ነው። ገመዳ ወሰደው ትያለሽ?»

«አልልም።»

«ማይልኝ።»

«እናቴ ትሙት፣ አልልም።»

ፋኖሱን ግራሯ ላይ መልሼ አሰርኩት፤ ካርዴን በሳሁ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ነጥቦች እንዴት እንዳገኘኋቸው በደንብ አላስታውስም። አግኝቻቸዋለሁ፤ ካርዱ ሙሉ ነበር።

መድረሻው ላይ ሁሉም ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። አፀደ ሮጣ መጥታ ደገፈችኝ። «የት ሄድሽ አንቺ? ወንዝ ወሰዳት ብለን ልናለቅስ ነበር!» ከእኔ እጅግ ቀድማ ገብታለች፤ እሷም ተንከራትታለች፤ ደኅና ቀን ቢሆን እቀድማት ነበር።

ጓድ መኩሪያ ሰዓቱን አየ። «ጉድ ፈላ! ካርታ የምትሥለው ካርታ ውስጥ ጠፋች!» ሰው ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

ጋሽ ዓንዶም አልሳቀም። ካርዴን ተቀብሎ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «እስከ አራተኛው ድረስ ከጉብታው ሆኜ አይቼሻለሁ። ቀስ እያልሽ ነበር፤ ግን ልክ ነበርሽ። አምስተኛው ላይ ምን ሆንሽ?»

«ጠፋብኝ።»

«ፋኖሱ ነበረ?»

ጓድ መኩሪያ መሳቁን ትቶ ዞረ። ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ለምን እንዳወጣ አላውቅም፤ ምናልባት እንዲሁ ልማዱ ይሆናል። አልነበረም ብል ሩጫው ይደገማል። ይደገምና ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከምች ወይም ከሌላው ነገር ድኜ፣ በደኅና እግሬ አፀደን በካርታ እበልጣታለሁ። ይህን አውቀው ነበር፤ እሷም ታውቀው ነበር። አልነበረም ካልኩ ግን የሚከተለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ከግራሯ አጠገብ ያለውም ቤት አንድ ብቻ ነው።

«ነበረ» አልኩ።

«ታዲያ?»

አሞኝ ነበር ማለት ፈለግሁ። ቢያንስ ይህን። ሲስተር ተናኜ ማኅተሙን እፍ ስትለው ታየችኝ።

«ተሳሳትኩ።»

«ጤነኛ ነሽ?»

«ጤነኛ ነኝ።»

«እንግዲህ ያው ነው» አለ ጓድ መኩሪያ፣ እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መልሶ። «አፀደ አሸንፋለች። አጨብጭቡላት እንጂ!»

አጨበጨብን።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ዓንዶም ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። በእጁ የአምስተኛውን ፋኖስ ይዟል። «እኔ የማስረው በሁለት ዙር ነው» አለኝ በዝግታ። «ይኼ እንደ ጫማ ክር ነው የታሰረው። ጭድም አለበት።»

«ንፋስ ይሆናል።»

«ንፋስ ክር ያስራል?»

ብዕሬን ቀለም ውስጥ ነከርኩ።  ከዚያ ከጨርቁ ላይ አንዷን የጭድ ዘለላ ነቅሎ ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ አስቀመጠና፣ «እሺ ልጄ» ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ ከአልጋዬ መነሣት አቃተኝ። ታይፎይድ ነበር። ሆስፒታል ስተኛ እናቴ የዳማ ከሴውን ነገር ለነርሶቹ ሁሉ እየተናገረች ይቅርታ ትጠይቅ ነበር፤ ምች ብላ መፍረዷ ከነከናት። ሲስተር ተናኜ አንድ ቀን ብርቱካን ይዛ መጣችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ስለ ወረቀቱ ሁለታችንም አላነሣንም።

አፀደ በሚያዝያ ሄደች፤ በጊዜዋም ተመለሰች። «ከመጨረሻ ሁለተኛ!» አለችኝ ከሩቅ፣ እንደ ድል። ቃሏን አልረሳችም፤ የሮጠችበትን ካርታ አጥፋ በጃኬቷ ውስጥ ይዛልኝ መጣች። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ዘረጋሁት። ቋጥኞቹ፣ ጉድጓዶቹ፣ የወደቁት ዛፎች ሁሉ አሉ። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ አፀደ በነጩ መካከል የሮጠችበትን መንገድ በእርሳስ አሳይታኛለች፤ ሦስት ቦታ ላይ ዞራ ዞራ እዚያው ትመለሳለች። አጠፍኩትና መሳቢያዬ ውስጥ ከወረቀት ሥር አደረግሁት።

በግንቦት አዲስ ሥራ መጣ። በቦሌ ቡልቡላ የአትክልት እርሻ ልማት ሊቋቋም ስለሆነ ወሰኑ በካርታ ላይ እንዲሰመር የሚያዝ ነበር። ከግርጌው፣ የመሥሪያ ቤቱ ስፖርት ክበብ በቅርቡ ያስተካከለው ካርታ የእግር መንገዱንና ቤቱን ሁሉ ስለሚያሳይ ሌላ ቅየሳ አያስፈልግም ይላል። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘረጋ፤ ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ወሰኑ በሁለቱ ደረቅ ቦዮች መገናኛ በኩል ያልፋል፤ ግራሯና ጥቁሯ ካሬ ከወሰኑ ውስጥ ገቡ። ቀዩን ቀለም ነክሬ መሥመሩን ጨረስኩ፤ ሲደርቅም ወስጄ ለጓድ መኩሪያ አስረከብኩ።